የተጓዥ ሞተር ሳይክል የኋላ ጎማ በቤት ውስጥ እንዴት ይቀየራል?

ከባድ የረጅም ጉዞ ሞተር ሳይክል ያለው ሰው ዘይቱን፣ ማጣሪያውንና የፍሬን ሸራውን በገዛ ቤቱ ሲቀይር ማንም አይደነቅም፤ የኋላ ጎማ ላይ ሲደረስ ግን አብዛኛው ባለሞተር እጁን ይሰበስባል። ሥራው ትልቅ ማሽን ወይም የተለየ ጉልበት የሚጠይቅ፣ ቸርኬ የሚያበላሽ፣ ከተሳሳቱም ሕይወት የሚያስከፍል ተደርጎ ይታሰባል። በስህተት የተገጠመ የኋላ ጎማ አደገኛ መሆኑ እውነት ነው። የቀረው ፍርሃት ግን በአብዛኛው የሚመነጨው ጎማና ቸርኬ እንዴት ተያይዘው እንደሚቆዩ ካለማወቅ ነው፤ ይህ አንድ ነገር በደንብ ከገባ የሥራው እያንዳንዱ እርምጃ ምክንያቱን ራሱ ይናገራል።

ለማብራሪያው አንድ የታወቀ ሞተር ሳይክል መያዝ ይሻላል፤ ስለዚህ የቢ ኤም ደብሊው አር 1200 አር ቲን እንወስዳለን። ይህ ሞተር በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 ለገበያ ቀርቦ እስከ 2018 ድረስ በተለያዩ ማሻሻያዎች የተመረተ፣ ሁለት ሰውና ሙሉ ሻንጣ ይዞ አገር ለማቋረጥ የተሠራ ነው። ኃይል ወደ ኋላ ጎማ የሚተላለፈው በሰንሰለት ሳይሆን በተሸፈነ ዘንግ ሲሆን፣ የኋላው ቸርኬ የሚያዘውም በአንድ ጎን ብቻ፣ እንደ መኪና ጎማ በ5 ብሎኖች ነው። በቤት ውስጥ ለመጀመር ከዚህ የሚመች ሞተር ማግኘት ያስቸግራል። የሰንሰለት ሞተር ያላቸው አንባቢዎች የሚለዩበትን ቦታ በየደረጃው እንጠቁማለን።

የኋላው ጎማ ለምን ቀድሞ ያልቃል?

የሞተሩ ኃይል መንገዱን የሚገፋው በኋላ ጎማ በኩል ብቻ ነው። ከኋላ የሚቀመጠው ሰው፣ ሁለቱ የጎን ሳጥኖችና ከመቀመጫው ጀርባ የሚታሰረው ሻንጣም ክብደታቸው በአብዛኛው የሚያርፈው በዚያው ላይ ነው። የአር 1200 አር ቲ የተፈቀደ ሙሉ ክብደት፣ ተሳፋሪና ጭነት ተጨምሮ፣ 495 ኪሎ ግራም ነው። በዚህ ላይ ረጅም ጉዞ ማለት በአብዛኛው ቀጥ ያለ አውራ ጎዳና ማለት ስለሆነ፣ የጎማው መካከለኛ ክፍል ጎኖቹ ሳይነኩ ይበላል፤ ክብ የነበረው ቅርጽ ከመሃሉ ጠፍጣፋ ይሆናል። እንዲህ ያለ ጎማ የታሰረበት ሞተር ወደ መታጠፊያ ሲዘነብል መጀመሪያ አልታዘዝ ይላል፣ ከዚያ በድንገት ወደ መታጠፊያው ይጋደማል። ብዙ ሰዎች ይህን የመሪ ወይም የአሞርተር ብልሽት አድርገው ያዩታል፤ አዲስ ጎማ ሲታሰር ግን ችግሩ አብሮ ይጠፋል።

የጎማው ጥርስ ምን ያህል ሲቀንስ መቀየር እንዳለበት ሕግ የሚወስንባቸው አገሮች አሉ። በጀርመን ዝቅተኛው ጥልቀት 1.6 ሚሊ ሜትር ሲሆን በብሪታንያ ለትልልቅ ሞተር ሳይክሎች 1 ሚሊ ሜትር ነው። በጥርሶቹ መካከል ባሉት ቦዮች ውስጥ ከፋብሪካ የተቀመጡ ትንንሽ ድልድዮች አሉ፤ የጎማው ፊት ከእነርሱ ጋር እኩል ከሆነ ጊዜው አልፏል። ሕጉ ከሚፈቅደው ወሰን በፊት መቀየር ግን የተሻለ ነው፤ በእርጥብ አስፋልት ላይ ውኃውን ገፍቶ የሚያወጣው የቦዩ ጥልቀት ነውና።

ጎማው በቸርኬው ላይ የሚቆየው በምንድን ነው?

መላው ሥራ የሚያርፈው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንቆይ።

የዘመኑ ተጓዥ ሞተሮች የቅይጥ ብረት ቸርኬና ቱብለስ ጎማ ይዘው ይመጣሉ፤ ማለትም ካላማዳሪያ የላቸውም፣ አየሩን የሚይዙት ጎማውና ቸርኬው ራሳቸው ተጣብቀው ነው። የጎማው ውስጠኛ ዙሪያ፣ ቸርኬውን የሚነካው ክፍል፣ በውስጡ የብረት ሽቦ ጥቅል አለው። ይህን ክፍል «ጠርዝ» እንበለው። ጎማው በአጠቃላይ ለስላሳና ተጣጣፊ ቢሆንም ጠርዙ ግን አይለጠጥም፤ እንዲለጠጥም አልተፈለገም፣ ምክንያቱም በከፍተኛ ፍጥነት ጎማውን በቦታው የሚይዘው እርሱ ነው።

ቸርኬውን ደግሞ ከጎን ቆርጠን ብናየው አራት ነገሮችን እናገኛለን። በዳር በኩል ወደ ላይ የወጣ «ከንፈር» አለ። ከከንፈሩ ቀጥሎ ወደ ውስጥ ጠርዙ የሚያርፍበት ጠፍጣፋ «መቀመጫ» አለ። መቀመጫው ሲያልቅ ጠርዙ ወደ ውስጥ እንዳይንሸራተት የሚያግድ ዝቅ ያለ ጉብታ አለ። ከጉብታው በኋላ፣ በቸርኬው መሃል፣ ዙሪያውን የሚሄድ ጥልቅ ቦይ አለ፤ ይህን «ጎድጓዳው» እንለዋለን። አየሩ ሲሞላ ጠርዞቹ ጉብታውን ተሻግረው መቀመጫቸው ላይ ይጣበቃሉ። ጎማው እየተነዳ ጎድጓዳው ምንም ሥራ የለውም፤ የተሠራው ጎማ ለማስገባትና ለማውጣት ብቻ ነው።

አሁን ችግሩ ይታያል። የቸርኬው ከንፈር ከጎማው ጠርዝ የሰፋ ክብ ነው፤ ጠርዙ ደግሞ አይለጠጥም። ታዲያ ጠባቡ ክብ ሰፊውን እንዴት ያልፋል? ጠባብ አምባር በእጅ ላይ ሲጠልቅ የሚሆነውን ማሰብ ይበቃል። አምባሩ አይሰፋም፤ አውራ ጣታችንን ወደ መዳፋችን አጥፈን እጃችንን እናጠብለታለን። በጎማም እንዲሁ ነው። በአንዱ ጎን ጠርዙን ከመቀመጫው አውርደን ወደ ጎድጓዳው ስንከተው፣ በዚያ በኩል ያተረፍነው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወደ ተቃራኒው ጎን ይተላለፋል፤ በተቃራኒው ጎን ጠርዙ ያለ ትግል ከንፈሩን ይሻገራል።

ከዚህ አንድ ደንብ ይወጣል፦ ማውለቂያ ብረቱ እጅ ላይ ከከበደ መታየት ያለበት ብረቱ ያለበት ቦታ ሳይሆን ማዶው ነው። ማዶ ያለው ጠርዝ ከጎድጓዳው ወጥቶ ወደ መቀመጫው ተመልሷል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ረዘም ያለ ብረት ማምጣትና መጫን የሚያስከትለው ሁለት ነገር ነው፤ ወይ ቸርኬው ይጎዳል፣ ወይ በጠርዙ ውስጥ ያለው ሽቦ ይበጠሳል። የተበጠሰ ሽቦ ከውጭ አይታይም፤ ያ ጎማ ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የሚጣል ነው። በአገራችን መንገድ ዳር የሚሠሩ ጎሚስታዎች በሁለት ብረትና በእግራቸው ብቻ ጎማ ሲያወልቁ ያየ ሰው ጉልበታቸውን ያደንቃል። ልብ ብሎ ላየ ግን ጥበቡ በእግራቸው ነው፤ እጃቸው በአንድ በኩል ብረቱን ሲይዝ እግራቸው ማዶውን ረግጦ ጎድጓዳው ውስጥ ያቆየዋል።

የሚገዛው ጎማ የትኛው ነው?

የአር 1200 አር ቲ የኋላ ጎማ መጠን 180/55 ዜድ አር 17 ነው። 180 በሚሊ ሜትር የጎማው ስፋት ነው፤ 55 የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ በመቶኛ ሲሆን፣ 17 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥርና ፊደል ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ለምሳሌ 73 ደብሊው የሚል ጽሑፍ ጎማው እስከ 365 ኪሎ ግራም እንዲሸከምና እስከ 270 ኪሎ ሜትር በሰዓት እንዲሄድ መሠራቱን ያመለክታል። በተለይ የክብደቱ ቁጥር በሞተሩ መመሪያ ከተጻፈው ማነስ የለበትም። አንዳንድ አምራቾች በተመሳሳይ ስም ሁለት ዓይነት ጎማ ያወጣሉ፤ አንዱ ለቀላል ሞተሮች፣ ሌላው ጎኑ ጠንከር ብሎ ለከባድ ተጓዦች የተሠራ ነው። ሁለት ሰው ለሚጭን ሰው የሚገባው ሁለተኛው ነው።

የተመረተበት ጊዜም በጎማው ጎን ላይ፣ ዲ ኦ ቲ ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ፣ በ4 አኃዝ ይገኛል፤ 2324 ማለት በ2024 ዓመት በ23ኛው ሳምንት ማለት ነው። በረከሰ ዋጋ የሚሸጥ ጎማ ሲገኝ መጀመሪያ መታየት ያለበት ይህ ነው።

የመኪና ጎማ በሞተር የኋላ ቸርኬ ላይ የሚያስሩ ሰዎች አሉ፤ በተለይ በአሜሪካ የሆንዳ ጎልድ ዊንግ ባለቤቶች ዘንድ የቆየ ክርክር ነው። የሞተርና የመኪና ቸርኬ መቀመጫዎች ቅርጻቸው አንድ አይደለም፤ ጠርዙም ለዚያ ቅርጽ አልተሠራም። የጎማም የሞተርም አምራቾች ይህን አይፈቅዱም፤ እዚህም አንመክረውም።

ምን ምን ያስፈልጋል?

ቢያንስ ሁለት፣ ቢቻል ሦስት የሞተር ጎማ ማውለቂያ ብረቶች፣ የቸርኬውን ከንፈር ከጭረት የሚጠብቁ የፕላስቲክ ሽፋኖች፣ የቫልቩን እምብርት የሚፈታ ትንሽ ቁልፍ፣ ኮምፕሬሰር፣ ትክክለኛ የአየር መለኪያ፣ ለ5ቱ ብሎኖች የሚሆን ባለ 50 ቁጥር ቶርክስ (ባለ ኮከብ ቅርጽ) ራስ፣ እና ቶርክ ሬንች። የመጨረሻው ብሎን ምን ያህል እንደጠበቀ የሚለካ ቁልፍ ነው፤ ይህ ከሌለ ሥራው መጀመር የለበትም። ማለስለሻው የጎማ ሳሙና ወይም ወፈር ያለ የሳሙና ውኃ ይሆናል። ዘይትና ግራሶ ፈጽሞ አይገቡም፤ ጎማውን ይበላሉ፣ ስለማይደርቁም ጎማው በቸርኬው ላይ እንዲንሸራተት ያደርጋሉ። ሳሙና ግን ሥራውን ጨርሶ ይደርቃል።

አዲሱ ጎማ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ፀሐይ ላይ ቢውል ይለሰልሳል። ብርድ በሚበረታበት አገር የሚኖር ሰው ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ቢያሳድረው ልፋቱን በግማሽ እንደቀነሰ ይቁጠረው።

ጎማው ከሞተሩ ላይ እንዴት ይወርዳል?

ሳጥኖቹ ከወረዱ በኋላ ሞተሩ በመካከለኛው መቆሚያ ላይ ይቆማል፤ ቦታው ጠንካራና ደልዳላ መሆን አለበት። የኋላው ጎማ ከጭቃ መከላከያው ስር ተንሸራቶ እንዲወጣ ከፍታ ስለሚያስፈልግ፣ ሞተሩ ከመቆሙ በፊት ከመቆሚያው እግሮች ስር ወፍራም ጣውላ ቢነጠፍ ይረዳል። የፊት ፍሬን እጀታ በጠንካራ ማሰሪያ ታስሮ ይጨበጣል፤ ብሎን ሲፈታ ሞተሩ ወደ ፊት ተንከባሎ ከመቆሚያው እንዳይወርድ የሚያግደው ይህ ነው። ማርሹ አንደኛ ላይ ሲገባ ዘንጉ የኋላውን ጎማ ይይዘዋል፤ ያን ጊዜ 5ቱ ብሎኖች ይፈታሉ። በዚህ ሞተር ላይ የፍሬኑ ዲስክ ከቸርኬው ጋር ሳይሆን ከማስተላለፊያው፣ ማለትም ዘንጉ ኃይሉን ለጎማው ከሚሰጥበት ክፍል፣ ጋር የታሰረ ስለሆነ ፍሬኑ ሳይነካ ቸርኬው ብቻውን ይወጣል። ጎማው ሲወጣ ከባድ ነው፤ ተቀምጦ፣ እግርን ከስሩ አድርጎ መቀበል ከወገብ ሕመም ያድናል።

የሰንሰለት ሞተር ላይ ሥራው ይበዛል። በቸርኬው መሃል የሚያልፈው አክስል ይወጣል፣ ሰንሰለቱ ከጥርሱ ላይ ይወርዳል፣ የፍሬኑ መያዣ ይለቀቃል፣ በግራና በቀኝ ያሉት ማራራቂያ ቀለበቶችም ይወድቃሉ። ቀለበቶቹ ብዙ ጊዜ እኩል አይደሉም፤ የትኛው በየት በኩል እንደነበር ሳይነቀሉ በፊት በስልክ ፎቶ ማንሳት ይገባል። ዲስኩ ከቸርኬው ጋር ስለሚመጣ፣ ቸርኬው ሲጋደም ክብደቱ በዲስኩ ላይ እንዳያርፍ ከስሩ እንጨት ወይም አሮጌ የመኪና ጎማ ይደረጋል።

ደርቆ የተጣበቀው ጠርዝ እንዴት ይላቀቃል?

ከሁሉም ብዙ ላብ የሚያስወጣው ይህ ነው። የቫልቩ እምብርት ተፈትቶ አየሩ ፈጽሞ ቢወጣም ጠርዙ ለዓመታት ከተቀመጠበት መቀመጫ ላይ በራሱ አይወርድም፤ ጉብታው ይይዘዋል፣ ሙቀትና ጊዜም አጣብቀውታል። ጠርዙ ጉብታውን ተሻግሮ ወደ ጎድጓዳው እንዲወርድ ጎማው ከከንፈሩ አጠገብ፣ ከንፈሩ ራሱ ሳይነካ፣ ወደ ታች መጫን አለበት። ለዚህ የተሠራ በእጅ የሚጫን መሣሪያ ይሸጣል፤ ትልቅ የጠረጴዛ ሞርሳ ወይም የእንጨት ማሰሪያም ይሠራል። በአንድ ቦታ ላይ ብቻ ከመታገል ይልቅ በዙሪያው ጥቂት ጥቂት እየተጫነ፣ ሳሙና እየተጨመረ፣ እየዞሩ መሄድ ይቀላል። አንድ ቦታ ላይ ሸርተት ካለ ቀሪው ይከተላል። ከዚያ ቸርኬው ይገለበጥና ሌላው ጎን ይደገማል። መኪና በጎማው ላይ በመንዳት የሚያላቅቁ አሉ፤ ቸርኬው ላይ ትንሽ ቢሳት የሚወጣው ኪሳራ ከአዲስ ጎማ ዋጋ በብዙ ይበልጣልና አይመከርም።

አሮጌው ሲወጣ፣ አዲሱ ሲገባ

ብዙዎቹ ዘመናዊ ተጓዦች የአየር ግፊት የሚለካ ዳሳሽ በቸርኬው ውስጥ፣ ከቫልቩ ስር፣ ይይዛሉ። በቢ ኤም ደብሊው ላይ ዳሳሹ መኖሩን የሚያስጠነቅቅ ምልክት በቸርኬው ላይ ተለጥፎ ይገኛል። ዳሳሹ ውድና ተሰባሪ ነው፤ የብረቱ ጫፍ እንዳይነካው፣ ጠርዙም በላዩ ላይ እንዳይጫን መጠንቀቅ ያሻል። ስለዚህ ብረቱ በቀጥታ በቫልቩ ላይ አይገባም፣ ቫልቩም የብረቱ ትክክለኛ ማዶ አይደረግም፤ ወደ ጎን ፈንጠር ተብሎ ይሠራል።

ማዶው በጉልበት ተረግጦ ጎድጓዳው ውስጥ እንዳለ፣ የመጀመሪያው ብረት ጠርዙን ከንፈሩ ላይ ያወጣዋል፤ ሁለተኛው ከ4 ወይም ከ5 ሴንቲ ሜትር ባልራቀ ቦታ ይከተላል። ትንሽ ትንሽ መንከስ ነው። ብዙ በአንዴ ለማውጣት የተሞከረ ጊዜ ሁሉ ጎማው ይቃወማል። የላይኛው ጠርዝ ሙሉ በሙሉ ሲወጣ ቸርኬው ይቆማል፤ የታችኛው ጠርዝ በዚያው ከንፈር በኩል ተሻግሮ ይወጣል።

ባዶው ቸርኬ በእጅ ላይ ሲቀር አይቸኮልም። መቀመጫዎቹ ከአሮጌ ጎማ ቅሪት ይጸዳሉ፣ ስንጥቅና መጠምዘዝ ካለ ይፈተሻል። ቫልቩ የጎማ ከሆነ በአዲስ ይለወጣል፤ ዋጋው ጥቂት ነው፣ ሲበጠስ ግን የሚበጠሰው በጉዞ ላይ ነው። ይህ ሁሉ የሚታይበት ዕድል የሚገኘው ጎማ ሲቀየር ብቻ ነው፤ ሥራውን በራሱ እጅ የሚሠራ ሰው ትልቁ ትርፉም ይህ ይመስለኛል፤ ቸርኬውን በጥንቃቄ ያየው ሰው የሚነዳው ራሱ ነውና።

አዲሱን ጎማ ከማስገባት በፊት በጎኑ ላይ ያለው የአዟዟር ቀስት ይታያል፤ ከቸርኬው ቀስት ጋር አንድ መሆን አለበት። ቀስቱ ከተሳሳተ ሥራው ሁሉ ይደገማል፤ ስለዚህ ሁለት ጊዜ ማየት አይበዛም። በጎማው ጎን ላይ ቀለም ያለው ነጥብ ካለ ቀላሉን ቦታ ያመለክታል፤ ቫልቩ ከባድ ስለሆነ ነጥቡ ከቫልቩ አጠገብ ይሆናል። የመጀመሪያው ጠርዝ በሳሙና ርሶ ብዙ ጊዜ በእጅና በጉልበት ግፊት ብቻ ይገባል። ሁለተኛው ከአንድ ቦታ ተጀምሮ በሁለቱም አቅጣጫ እየተገፋ ይሄዳል፤ መጨረሻ ላይ የአንድ ስንዝር ያህል ሲቀር ይጠነክራል። እዚያ ላይ ብረቱን አሳርፎ ወደ ማዶ መመለስ፣ ጠርዙን ዙሪያውን እየረገጡ ወደ ጎድጓዳው ማውረድ፣ ሳሙና መጨመር፤ ከዚያ የቀረችው ስንዝር ትገባለች።

ካላማዳሪያ ያላቸው ሞተሮች፣ በአገራችን በብዛት የሚታዩት ባለ ሽቦ ቸርኬዎችም ጭምር፣ የሚለዩት በዚህ ቦታ ላይ ነው። ካላማዳሪያው ቅርጽ እንዲይዝ ጥቂት አየር ይነፋበታል፣ ብረቱም ከሚገባው በላይ ጠልቆ ካላማዳሪያውን ከቸርኬው ጋር እንዳይነክሰው ይጠበቃል።

አየር ሲሞላ የሚሰማው ፍንዳታ ምንድን ነው?

አየሩ ሲገባ ጠርዞቹ አንድ በአንድ ጉብታውን እየዘለሉ መቀመጫቸውን ይይዛሉ፤ በየጎኑ አንድ አንድ፣ ሁለት ኃይለኛ የፍንዳታ ዓይነት ድምፅ ይሰማል። ይህ ጤናማ ነው፤ ያልሰማው ሰው ነው መስጋት ያለበት። እንዲሳካ አየሩ በፍጥነት መግባት አለበት፤ ለዚህም የቫልቩ እምብርት ተነቅሎ በባዶው ቫልቭ በኩል ይሞላል። ትንሿ የመኪና ፖምፓ ብዙ ጊዜ አቅም ያንሳታል፤ እንዲህ ከሆነ ቸርኬውን ይዞ ወደ ማደያ ወይም ጎሚስታ መሄድ ይቻላል። ጎማው ከቸርኬው ጋር አልነካካ ብሎ አየሩ ካመለጠ በጎማው ፊት ዙሪያ የጭነት ማሰሪያ አስሮ ማጥበቅ ጎኖቹን ወደ ውጭ ይገፋቸዋል።

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። የታመቀ አየር ኃይል አለው፤ ጣት በጎማውና በቸርኬው መካከል አይገባም፣ ፊትም በላዩ ላይ አይደፋም። ጠርዙን ለማስቀመጥ የሚፈቀደው ከፍተኛ ግፊት እንደ ጎማው አምራች ይለያያል፤ በአብዛኛው ከ40 እስከ 60 ፒ ኤስ አይ ባለው ውስጥ የሚወሰን ሲሆን በጎማው ጎን ላይ ወይም በአምራቹ መመሪያ ይገኛል። በዚያ ወሰን ካልተቀመጠ ግፊቱን መጨመር ሳይሆን አየሩን አውጥቶ ሳሙና ጨምሮ እንደገና መጀመር ነው። ተቀጣጣይ ጋዝ ነፍቶ በእሳት ማስቀመጥን የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ብዙ ናቸው፤ ያ ዘዴ ሰው ይጎዳል፣ ፈጽሞ መሞከር የለበትም።

ጠርዙ በትክክል መቀመጡን የሚያረጋግጠው ዓይን ነው። ከከንፈሩ አጠገብ በጎማው ዙሪያ የተሳለ ቀጭን መስመር አለ፤ ከከንፈሩ ያለው ርቀት በዙሪያው ሁሉ፣ በሁለቱም ጎን፣ እኩል መሆን አለበት። አንድ ቦታ ላይ ከጠለቀ ጠርዙ እዚያ አልተቀመጠም። ከዚያ እምብርቱ ተመልሶ ይታሰርና ለአር 1200 አር ቲ የኋላ ጎማ በቀዝቃዛ 2.9 ባር፣ ማለትም 42 ፒ ኤስ አይ ገደማ ይሞላል።

ሚዛን ማስያዝ የግድ ነው?

ነው። ቸርኬው በሚያዞር ዘንግ ላይ በነፃነት እንዲንጠለጠል ይደረጋል፤ ከባዱ ቦታ በራሱ ወደ ታች ይመጣል፤ በተቃራኒው ላይ የሚለጠፉ ትንንሽ ክብደቶች እየተጨመሩ፣ በየትኛውም ቦታ ሲለቀቅ የማይዞር እስኪሆን ድረስ ይስተካከላል። ለሞተር ጎማ ይህ ቀላል ዘዴ በቂ ነው። የአር ቲ ቸርኬ በመሃሉ አክስል ስለሌለው ለእርሱ የሚስማማ ሾጣጣ ማስተካከያ መግዛት ያስፈልጋል፤ ይህ ከሌለ ለዚህ ብቻ ወደ ባለሙያ መውሰድ አያሳፍርም።

ቸርኬው ሲመለስ ብሎኖቹ ምን ያህል ይጥበቁ?

ቸርኬውና ማስተላለፊያው የሚነካኩባቸው ፊቶች ንጹሕና ደረቅ መሆን አለባቸው። በመካከላቸው የቀረ ቆሻሻ ሲነዳ ይደቅቃል፤ የደቀቀውን ያህልም ብሎኑ ይላላል። የብሎኖቹ ጥርስም ዘይት አይነካም፤ በዘይት የራሰ ብሎን ቶርክ ሬንቹ ትክክለኛውን ቁጥር ቢያሳይም በእውነት ግን ከሚገባው በላይ ይሳባል። 5ቱም መጀመሪያ በእጅ ይገባሉ፣ ከዚያ አንዱን ይዞ ወደ ጎረቤቱ ሳይሆን ወደ ማዶው እየተሻገሩ፣ በሁለት ወይም በሦስት ዙር፣ በ60 ኒውተን ሜትር ይጠብቃሉ። ቁጥሩ የዚህ ሞተር ነው። ቀደም ያሉት የቢ ኤም ደብሊው ሞዴሎችም ሆኑ ሌሎች አምራቾች የራሳቸው ቁጥር አላቸው፤ ከመመሪያው ሳይነበብ በግምት ማጥበቅ አይገባም።

በሰንሰለት ሞተር ላይ አክስሉ ከመጥበቁ በፊት የሰንሰለቱ ልል መጠንና የጎማው ቀጥተኛነት ይስተካከላል። ፍሬኑ ተነካክቶ ከሆነ ደግሞ ሞተሩ ከቦታው ከመንቀሳቀሱ በፊት የፍሬን ፔዳሉ ጠንካራ እስኪሆን ድረስ ይረገጣል፤ ሸራዎቹ ከዲስኩ ርቀው ስለሚቀሩ የመጀመሪያው ርግጫ ባዶ ነው፤ ይህን የረሳ ሰው የሚያስታውሰው ከጋራዡ ሲወጣ ነው።

ሥራውን ለባለሙያ መስጠት የሚሻለው መቼ ነው?

ቸርኬው ላይ ስንጥቅ ወይም መጎንበስ ከታየ፣ ቶርክ ሬንች ከሌለ፣ ወይም ከላይ እንዳየነው ጠርዙ በተፈቀደው ግፊት ደጋግሞ አልቀመጥ ካለ። ባለሙያ ሲመረጥም የመኪና ጎማ ብቻ የሚሠራ ማሽን የሞተርን ቸርኬ በትክክል ላይዝ ስለሚችል ለሞተር የሚሆን መያዣ እንዳለው መጠየቅ ተገቢ ነው። ቸርኬውን በቤት ፈትቶ፣ ጎማውን አስቀይሮ፣ በቤት መልሶ መግጠም ጥሩ መካከለኛ መንገድ ነው፤ ዋጋውም ይቀንሳል፣ የመጨረሻው ብሎን በማን እጅ እንደጠበቀም ይታወቃል።

ከተገጠመ በኋላስ?

አዲስ ጎማ ከፋብሪካ ሲወጣ ፊቱ ለስላሳና አንሸራታች ነው። ወደ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ እስኪሄድ ድረስ ፍጥነትም ዘንበል ማለትም ቀስ በቀስ እየጨመረ እንዲሄድ ይደረጋል፤ ድንገተኛ ፍሬንና ድንገተኛ ጋዝ ይወገዳሉ። ጠርዙ ላይ የቀረው ሳሙና እስኪደርቅ ድረስም ጎማው በቸርኬው ላይ ሊንሸራተት ስለሚችል፣ የመጀመሪያው ቀን ለጠንካራ አነዳድ አይሆንም። ዳሳሽ ባለው ቢ ኤም ደብሊው ላይ የግፊቱ ቁጥር በዳሽቦርዱ መስኮት የሚታየው ሞተሩ 30 ኪሎ ሜትር በሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ ቆሞ ሳለ ባዶ መስመር ማሳየቱ ብልሽት አይደለም። በማግስቱ ጠዋት፣ ጎማው ቀዝቅዞ ሳለ፣ ግፊቱ በእጅ መለኪያ እንደገና ይታያል፤ ከ2.9 ባር ወርዶ ከተገኘ በቫልቩና በሁለቱ ጠርዞች ዙሪያ የሳሙና ውኃ ተቀብቶ አረፋ የሚያወጣው ቦታ ይፈለጋል።